ነጥብ ምስክርነት ነው፦ የልማት ቦታዎችን በእጅ ስልክ በትክክል ስለ መመዝገብ

(በፍኖተ ሰላም ለሰበካ ጉባኤ የልማት ተወካዮች በተዘጋጀ የአንድ ቀን ሥልጠና ላይ በአንድ ዲያቆንና የፕሮጀክት ባለሙያ የቀረበ ንግግር፤ ለኅትመት በመጠኑ ተስተካክሎ።)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ከቡሬ፣ ከማንኩሳ፣ ከጅጋ፣ ከደምበጫ፣ ከሽንዲና ከሰከላ አካባቢ ይህን ያህል መንገድ ተጉዛችሁ መጥታችኋል። ከመካከላችሁ ሌሊት ተነሥታችሁ እስከ መኪና መንገድ በእግር የወጣችሁ እንዳላችሁ እናውቃለን። ስለዚህ ጊዜያችሁን በማይጠቅም ነገር አናጠፋም።

ዛሬ የምንናገረው ስለ ትንሽ ነገር ነው። ሁላችንም ይዘነው ስለምንዞረው የእጅ ስልክ፣ ከዚያም ውስጥ ስልኩ ያለንበትን ቦታ ስለሚያውቅበት፣ ጂፒኤስ ስለሚባለው አሠራር ነው። ርእሱን ስትሰሙ «ይህ የወጣቶች ጉዳይ ነው፤ ለካህንና ለሰበካ ጉባኤ ምኑ ነው?» የሚል ሊኖር ይችላል። ነገር ግን ምንጭ ይጎልብትልን፣ የእጅ ጉድጓድ ይቆፈርልን፣ የችግኝ ጣቢያ ይቋቋምልን፣ የቤተ ክርስቲያናችን ደን ይመዝገብልን ብላችሁ በምታቀርቡት ማመልከቻ ላይ ዛሬ የቦታው ነጥብ ይጠየቃል። ነጥቡ ከጎደለ ማመልከቻው ይቆያል። ነጥቡ ከተሳሳተ ግን የባሰ ነገር ይመጣል፤ ማመልከቻው ያልፋል፣ ሥራው ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል። ይህንን የምንናገረው ከመጽሐፍ አንብበን ብቻ አይደለም፤ ራሳችን አጥፍተን ስለተማርን ነው።

የራሳችን ጥፋት

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከቡሬ ወደ ገጠሩ ወጣ ብላ በምትገኝ አንዲት አጥቢያ ምንጭ ለመመዝገብ ሄድን። ወሩ ሐምሌ ነበር። ምንጩ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች፣ በዛፍ በተሸፈነ ገደል ሥር ይፈልቃል። ዝናቡ ሲያባራ ከተጠለልንበት የቆርቆሮ ቤት ወጥተን ቁልቁል ወረድን፤ ምንጩን አየን፤ ፎቶግራፍ አነሣን፤ ስልካችንን ከፍተን ካርታው ላይ ሰማያዊውን ነጥብ እንዳየን ቁጥሩን በማስታወሻችን ገለበጥን። ይህ ሁሉ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ዳመናው እንደገና ከብዶ ነበርና ለመመለስ ቸኩለናል። ከቁጥሩ ግርጌ 80 ሜትር የሚል ጽሑፍ ነበር። ምን ማለት እንደሆነ ስላላወቅን አልጻፍነውም።

ከመስቀል በኋላ ባለሙያዎቹ ለሥራ ሲወጡ እኛ ሌላ ቦታ ነበርንና ቁጥሩን ብቻ ላክንላቸው። ቁጥሩ የመራቸው ከወንዙ ማዶ ወደሚገኝ የአንድ ገበሬ የጤፍ ማሳ ነው። ገበሬው «በማሳዬ ውስጥ ምንጭ የለም፤ ልትቆፍሩ ከሆነ ግን አታልፉም» አሏቸው፤ እውነታቸውን ነው። ቀኑ የገበያ ቀን ስለነበረ ከሰበካ ጉባኤው አንድም ሰው አልተገኘም። ባለሙያዎቹ ግማሽ ቀን ፈልገው በፕሮግራማቸው መሠረት ወደሚቀጥለው ሥራ አለፉ። ያቺ አጥቢያም ተራዋን እንደገና ስትጠብቅ አንድ በጋ ሙሉ አለፈባት። እናቶች ያንን በጋ ከከብት ጋር በሚጋሩት ውኃ አሳለፉት።

ይቅርታ ልንጠይቅ በሄድን ጊዜ አንዲት አረጋዊት እናት፣ «ልጆቼ፣ ውኃው የት እንዳለማ እኛ እናውቅ ነበር፤ የጠየቀን የለም እንጂ» አሉን። ይህን ንግግር የምናቀርበው ያ ቃል ስላልለቀቀን ነው። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይባላል፤ እኛ ስንቸኩል ያፈሰስነውን የለቀሙት ግን እነርሱ ናቸው።

ስልኩ የሚያዳምጠው ምንድር ነው?

ስህተቱ ከየት እንደመጣ ለመረዳት ስልኩ ምን እንደሚሠራ በአጭሩ ማወቅ ይገባል። ጂፒኤስ የአሜሪካ መንግሥት የዘረጋው የሳተላይት ሥርዓት ነው። የመጀመሪያዋ ሳተላይት የተላከችው እ.ኤ.አ. በ1978 ሲሆን ሥርዓቱ ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ መዋሉ የታወጀው በ1995 ነው። ለሕዝብ የሚሰጠው ምልክት እስከ ሚያዝያ 1992 ዓ.ም. ድረስ ሆን ተብሎ ይዛባ ስለነበር እስከ 100 ሜትር ያሳስት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ይህ ቀርቷል። ዛሬ የሩሲያው ግሎናስ፣ የአውሮፓው ጋሊሊዮና የቻይናው ባይዱ ተጨምረዋል። አብዛኞቹ አዳዲስ ስልኮች ከአንዱ በላይ ስለሚያዳምጡ ከቀድሞው የተሻለ ይሠራሉ።

የጂፒኤስ ሳተላይቶች ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው በቀን ሁለት ጊዜ ይዞራሉ። እያንዳንዷ ሳተላይት እጅግ ትክክለኛ ሰዓት ተሸክማ «እኔ እገሌ ነኝ፤ እዚህ ነኝ፤ ሰዓቱ ይህ ነው» የሚል መልእክት ያለማቋረጥ ትልካለች። ስልኩ መልእክቱ በመንገድ ላይ የቆየበትን ጊዜ ለክቶ ርቀቱን ያሰላል። ቦታውን በሦስት አቅጣጫ ለማወቅና የራሱን ሰዓት ለማረም ቢያንስ 4 ሳተላይቶችን መስማት አለበት። የባሕረ ሐሳብ ተማሪ የነበራችሁ፣ በመነሻው ላይ የተሳሳተች አንዲት ቁጥር የዓመቱን አጽዋማትና በዓላት ሁሉ እንደምታናጋ ታውቃላችሁ። እዚህም እንዲሁ ነው፤ የሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ክፍል ስህተት 300 ሜትር ያስታል።

ከዚህ ሁለት ነገሮችን እንያዝ። የመጀመሪያው፣ ስልኩ ጂፒኤስን ያዳምጣል እንጂ ወደ ሳተላይቱ አንዳች አይልክም፤ ስለዚህ ለማዳመጥ ካርድ መሙላትም ኢንተርኔትም አያስፈልገውም። የኢንተርኔት አገልግሎት በተቋረጠበት ቀንም ሆነ የስልክ ኔትወርክ በማይደርስበት ሸለቆ ጂፒኤስ ይሠራል። ሁለተኛው፣ ምልክቱ እጅግ ደካማ ነው። ሳተላይቷ የምትልከው ኃይል በቤታችን ከምናበራው የ60 ሻማ አምፖል እምብዛም አይርቅም፤ ያንን ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ አቋርጦ ሲደርስ አስቡት። በቆርቆሮ ጣሪያ አያልፍም፤ በድንጋይ ግድግዳ አያልፍም፤ ጥቅጥቅ ባለ ቅጠል ሲያልፍ ይዳከማል። ዳመናና ዝናብ ግን ብዙ አይከለክሉትም። ስለዚህ በክረምት የሚያስቸግረን ከሰማዩ ዳመና ይልቅ ዝናብ ሸሽተን የገባንበት ቤትና የረጠበው የዛፍ ቅጠል ነው።

እኛ በዚያ ቀን ያየነው ሰማያዊ ነጥብ እንግዲህ ከሳተላይት የመጣ ላይሆን ይችላል። ስልክ ሳተላይት ሳይሰማ ሲቀር ዝም አይልም፤ ቀደም ሲል የነበረበትን ቦታ ወይም በአቅራቢያው ካለው የኔትወርክ ማማ የገመተውን ያሳያል። ገምቶ መሆኑንም በዚያች በናቅናት የሜትር ቁጥር ይነግረናል።

ሰማይን የሚጋርዱብን

በገጠሩ አጥቢያዎቻችን ሰማይን የሚጋርዱ ነገሮች ሦስት ናቸው።

አንደኛው ጣሪያ ነው። በአዳራሽ፣ በቤተልሔም፣ በዕቃ ቤት ወይም በመኪና ውስጥ ሆነን ነጥብ አንያዝ። ከቆርቆሮ ክዳን አጠገብ መቆምም አይበጅም፤ ምልክቱ ከቆርቆሮው ወይም ከገደሉ ግድግዳ ነጥሮ እንደ ገደል ማሚቶ ዘግይቶ ይደርሳልና ስልኩ ርቀቱን አብዝቶ ይቆጥራል። ቢያንስ አሥርና አሥራ አምስት እርምጃ ራቅ እንበል።

ሁለተኛው ዛፍ ነው። ይህ ለእኛ የተለየ ጉዳይ ነው፤ በምዕራብ ጎጃም ገጠር የቆየ ደን የቀረው በአመዛኙ በቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ውስጥ ነውና። አባቶቻችን ያቆዩልንን ጽድ፣ ወይራና ዝግባ ለመመዝገብ ስንገባ ያው ዛፍ ምልክቱን ይጋርድብናል። ዛፉን እንቁረጥ የሚል የለም፤ መፍትሔው ሌላ ነው። ቅርንጫፍ የሳሳበትን ቦታ ወይም የበሩን ደጃፍ መርጠን ነጥቡን እዚያ እንያዝ፤ ከዚያ እስከ ምንጩ ወይም እስከ ጉድጓዱ ያለውን ርቀት በገመድ ለክተን «ከዚህ ነጥብ ወደ ምሥራቅ 35 ሜትር» ብለን እንጻፍ። በጥሩ ሰማይ ሥር የተያዘ ነጥብና በገመድ የተለካ ርቀት፣ በዛፍ ሥር ከተያዘ መጥፎ ነጥብ ይሻላሉ።

ሦስተኛው መሬቱ ራሱ ነው። ከቡሬና ከወምበርማ ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርዱ፣ ወይም በሰከላና በደጋ ዳሞት ተራሮች መካከል ባሉት ጠባብ ሸለቆዎች፣ የሰማዩ ግማሽ በገደል ይሸፈናል። ሳተላይቶቹ ስለሚንቀሳቀሱ አሁን ያልተሰማችው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ልትሰማ ትችላለች፤ ስለዚህ በሸለቆ ውስጥ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ቀላል መመዘኛ እንስጣችሁ፤ ቆማችሁ ዙሪያውን ስትመለከቱ የሰማዩ ግማሽ የማይታያችሁ ከሆነ ቦታ ቀይሩ ወይም ቆዩ።

ሰዓትን በተመለከተም አንድ ነገር እንጨምር። ሀገራችን ለምድር መግነጢሳዊ ወገብ ቅርብ በመሆኗ፣ ፀሐይ ከገባች በኋላ ባሉት ሰዓታት የላይኛው አየር እየታወከ ምልክቱን የሚያናውጥበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ነጥብ በቀን ይያዝ።

ከመውጣታችን በፊት ስልኩን ማዘጋጀት

የስልኩ ዝግጅት በዋዜማ ይፈጸም። ባትሪውን እንሙላ፤ «ባትሪ ቆጣቢ» የሚለውን እናጥፋ፤ እርሱ ሲበራ ስልኩ ሳተላይት ማዳመጡን ይቀንሳልና። በስልኩ ማስተካከያ ውስጥ ሎኬሽን የሚለውን እናብራ፤ የትክክለኛነት ደረጃ ምርጫ ካለውም ከፍተኛውን እንምረጥ። ቀንና ሰዓቱ በራሱ እንዲስተካከል እናድርግ። የብረት ወይም የማግኔት ሽፋን ካለው እናውጣው።

ኢንተርኔት ለማዳመጥ አያስፈልግም ብለናል፤ ለማፍጠን ግን ይረዳል። ሳተላይቷ ስለ ራሷ መንገድ የምትነግረው መልእክት ለመነበብ 30 ሰከንድ ያህል ይፈጃል፤ ስለ ሳተላይቶቹ ሁሉ ያለው አጠቃላይ መዝገብ ደግሞ 12 ደቂቃ ተኩል ይወስዳል። ዳታ የበራለት ስልክ ይህን መረጃ ከኢንተርኔት ወዲያው ያገኛል። ዳታ የሌለው ግን ከሰማይ ቃል በቃል መቀበል አለበት፤ በመካከሉ ዛፍ ሥር ከገባን ያቋረጠውን እንደገና ይጀምራል። ስለዚህ ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ከተማ ሳለን፣ ኔትወርክ ባለበት፣ ሜዳ ላይ ቆመን ስልኩን አንድ ጊዜ ቦታውን እናሳውቀው፤ የምንሄድበትንም አካባቢ ካርታ አስቀድመን እናውርድ። ከሳተላይት የተቀበለው መረጃ የሚያገለግለው ለአራት ሰዓት ያህል ነውና ጠዋት የተዘጋጀ ስልክ ከሰዓት በኋላ እንደገና ጊዜ ቢጠይቅ አይግረመን። ለሳምንታት ጠፍቶ የቆየ ስልክ ከሆነ በሜዳ ላይ አሥራ አምስት ደቂቃ እንስጠው።

መቆም፣ መጠበቅ፣ ማንበብ

ከቦታው ስንደርስ ስልኩን ከኪስ አውጥተን፣ ፊቱን ወደ ሰማይ አድርገን እንያዘው፤ ወይም ንጹሕ ድንጋይ ላይ አስቀምጠን ራቅ እንበል። የሰው አካልም ምልክት ይጋርዳል፤ ስለዚህ አምስት ሰው ስልኩን ከብቦ አንገቱን አይድፋበት። እየተራመድን ነጥብ አንያዝ።

ከዚያ በኋላ የሜትሯን ቁጥር እንጠብቅ። በካርታው ላይ በሰማያዊው ነጥብ ዙሪያ የሚታየው ክብ፣ በመመዝገቢያ ፎርሞች ላይ ደግሞ «ትክክለኛነት» ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር፣ ስልኩ ስለ ራሱ የሚሰጠው ምስክርነት ነው። 80 ሜትር ካለ «ከዚህ ነጥብ 80 ሜትር ዙሪያ ውስጥ ሳልሆን አልቀርም» ማለቱ ነው። በአንድሮይድ ስልኮች ይህ ቁጥር የሚሰላው ከሦስት ጊዜ ሁለቱን ያህል ብቻ እውነት እንዲሆን ነው፤ በሦስተኛው ጊዜ ከክቡ ውጭ ልንሆን እንችላለን። እንግዲህ 80 ሜትር ማለት ከወንዙ ማዶ ማለት ሊሆን እንደሚችል በራሳችን ደርሷል።

ስልኩ እንደበራ ቁጥሩ ትልቅ ሆኖ ይታያል፤ ከዚያ ወደ 40፣ ወደ 15፣ ወደ 8 ይወርዳል። በጠራ ሰማይ ሥር ተራ ስልክ 5 ሜትር አካባቢ ይደርሳል፤ ከዚያ በታች ብዙ አንጠብቅ። ሥርዓታችን እንዲህ ይሁን፦ ከ10 ሜትር በላይ የሆነ ነጥብ አይጻፍ፤ ቁጥሩ ከቆመ በኋላም ሌላ ሁለት ደቂቃ እንቆይ፤ ከዚያ አንድ ጊዜ እንያዝ። ሎኬሽኑን አጥፍተን እንደገና በማብራት ሁለተኛና ሦስተኛ እንድገም። ሦስቱ ተቀራራቢ ከሆኑ ደኅና ነው፤ አንዱ ርቆ ከወጣ እርሱን ትተን አራተኛ እንያዝ። ይህ ሁሉ ቢበዛ ግማሽ ሰዓት ነው። እኛ በዚያ ሐምሌ ግማሽ ሰዓት ቆጥበን የአንድ በጋ ውኃ አጠፋን።

አጻጻፉ

ትክክለኛ ነጥብ ይዞ በስህተት መጻፍም አለ። ቁጥሮቹ ሁለት ናቸው፤ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ያለውን የሚነግረው ኬክሮስ፣ ወደ ምሥራቅ ያለውን የሚነግረው ኬንትሮስ ይባላል። አባቶቻችን በባሕረ ሐሳብ ኬክሮስ የምትሉት የዕለትን ስልሳኛ ክፍል እንደሆነ እናውቃለን፤ እዚህ ግን የመሬት ልክ ነውና እንዳያሳስት።

መጀመሪያ ኬክሮስ፣ ቀጥሎ ኬንትሮስ ይጻፋል። በዞናችን የሚገኝ ቦታ ኬክሮሱ በ10 ወይም በ11፣ ኬንትሮሱ በ36 ወይም በ37 ይጀምራል። ፍኖተ ሰላም በ10.70 እና በ37.27 አካባቢ ናት፤ ቡሬም በ10.70 እና በ37.07 አካባቢ። ልብ በሉ፤ ሁለቱ ከተሞች የሚለዩት በአንዲት አኃዝ ነው። 2 ለመጻፍ 0 የጻፈ ሰው የፍኖተ ሰላምን ምንጭ ቡሬ ላይ አስቀመጠው ማለት ነው። ሁለቱን ቁጥሮች አዛውሮ 37 ን በፊት፣ 10 ን በኋላ የጻፈ ደግሞ ምንጩን በሰሜን አፍሪካ፣ በቱኒዚያ ጠረፍ፣ በሜድትራንያን ባሕር ዳር ያገኘዋል። አያስቀን፤ ይህ ስህተት በደኅና ቢሮዎችም ይፈጸማል።

ከነጥቡ በኋላ አምስት አኃዝ ይጻፍ። አንድ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሁለት አኃዝ ብቻ ብንጽፍ ከአንድ ኪሎ ሜትር በታች አናውቅም፤ ሦስት ብንጽፍ 110 ሜትር፤ አራት ብንጽፍ 11 ሜትር፤ አምስት ብንጽፍ አንድ ሜትር ያህል ይለያል። ብዙ አኃዝ መጻፍ ብቻውን ግን ነጥቡን እውነተኛ አያደርገውም፤ እውነቱን የምትናገረው ያቺው የሜትር ቁጥር ናት። ስለዚህ በቅጹ ላይ ከነጥቡ ጎን እርሷም ትጻፍ።

አንዳንድ መሥሪያ ቤቶች በሜትር የተጻፈ ሌላ አቆጣጠር ይጠይቃሉ፤ ይህም ዩቲኤም የሚባለው ነው። ዞናችን በ37ኛው ሰሜናዊ ክልል ውስጥ ነው፤ የመጀመሪያው ቁጥር 6 አኃዝ፣ ሁለተኛው 7 አኃዝ አለው። በዚህ አቆጣጠር ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። የቆዩት የሀገራችን የመልክዓ ምድር ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባል መነሻ ሲሆን ስልካችን የሚጠቀመው ደብልዩ ጂ ኤስ 84 የሚባለውን ነው። በአንዱ የተያዘውን ነጥብ በሌላው ካርታ ላይ ብንተክል ከ100 ሜትር በላይ ይዛባል፤ ስልኩ ጥፋት የለበትም። በየትኛው መነሻ እንደተያዘ በቅጹ ላይ መጻፍ ይገባል።

ሲጻፍ ሁለት ሰው ይሁን። አንዱ ያንብብ፣ ሌላው ይጻፍ፤ ከዚያም ተማሪ ለመምህሩ መልሶ እንደሚያነብ ጸሐፊው መልሶ ያንብብ። ቁጥሩን ለቢሮ የምንልከው በጽሑፍ መልእክት ቢሆን ይመረጣል፤ በስልክ በቃል የተነገረ ቁጥር በመንገድ ላይ ይለወጣልና።

ስልክ የማይዳኘው

አሁን ስልኩ የማይችለውን እንናገር፤ ከሁሉ የሚያሠጋን ይህ ነውና።

የመጀመሪያው ድንበር ነው። የቤተ ክርስቲያንን ደን ዙሪያ በስልክ ይዘን ስፋቱን መገመት፣ ለችግኝ ማቀድ እንችላለን። ነገር ግን በዐጸዱና በአጎራባች ገበሬ ማሳ መካከል ወሰን ለመቁረጥ ስልክ አይበቃም። 5 ሜትር የሚያሳስት መሣሪያ በጠባብ ማሳ ላይ የአንድን ቤተሰብ ቀለብ ሊወስድ ይችላል። ኦሪት የባልንጀራን ድንበር ማፍለስን አጥብቃ ትከለክላለች፤ በስልክ መግፋትም መግፋት ነው። ክርክር ካለ ጉዳዩ ለመሬት አስተዳደርና ለአገር ሽማግሌዎች ይቅረብ፤ ተገቢው መሣሪያ ባለው ባለሙያም ይለካ። «ስልኬ እንዲህ ይላል» ብሎ ከጎረቤት ጋር የሚጣላ ሰበካ ጉባኤ እንዳይኖረን አደራ እንላለን።

ሁለተኛው ከፍታ ነው። ምንጭ አጎልብተን ውኃውን በስበት ወደ ታችኛው መንደር ስንወስድ ከምንም በላይ የሚያስፈልገን የከፍታ ልዩነት ነው። ስልክ ከፍታን ሲያነብ ግን ስህተቱ ከአግድሙ ይበልጣል፤ ሳተላይቶቹን የሚሰማው ከበላዩ ብቻ እንጂ ከምድር በታች አይደለምና። ስልኩ «ምንጩ ከመንደሩ 10 ሜትር ከፍ ይላል» ቢል በእውነቱ ዝቅ ብሎ ሊገኝ ይችላል። የቧንቧ መስመር በስልክ ከፍታ አይወሰን፤ በትክክለኛ መለኪያ ይለካ።

ሦስተኛው የሰው ልብ ነው። አካባቢያችን ያለበትን ሁኔታ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ስልክ ወደ ሰማይ ዘርግቶ በማሳ መካከል የሚቆም እንግዳ ያስፈራል፤ ሊያስጠረጥርም ይችላል። ስለዚህ ከመሄዳችን በፊት ለአጥቢያው አስተዳዳሪ፣ ለቀበሌውና ለሽማግሌዎቹ እናስታውቅ፤ ምን እንደምንመዘግብ፣ ለምን እንደምንመዘግብ በግልጽ እንንገር፤ ሰላም በሌለበት ቀን አንውጣ። የያዝነውንም ነጥብ ለሥራው ለሚያስፈልገው ብቻ እንስጥ፤ ለማንም አንበትን። የንዋየ ቅድሳት ማስቀመጫ ቦታን ደግሞ ጨርሶ አንመዝግብ።

ቁጥርና ምስክር

ወደዚያች ምንጭ እንመለስ። በሁለተኛው ጊዜ ስንሄድ ነጥቡን ከገደሉ በላይ ባለው ሜዳ ላይ፣ ሰማዩ በሚታይበት ቦታ፣ ሦስት ጊዜ ይዘን እስከ ምንጩ ያለውን በገመድ ለካን። ከዚያ ሁሉ በፊት ግን ያችን አረጋዊት እናት «ውኃው የት ነው?» ብለን ጠየቅናቸው። እርሳቸውም ምርኩዛቸውን ይዘው ከፊት መሩን። በመንገዳችንም በክረምት የምትፈልቀውንና በጋ የምትደርቀውን ሌላ ዐይን አሳዩን፤ ይህን ማንኛዋም ሳተላይት አትነግረንም ነበር። በቅጹ ላይ ከቁጥሩ ሥር የቦታውን ስም፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ያለውን አቅጣጫ፣ የሚያዋስኑትን ማሳዎች፣ ቦታውን የሚያሳዩ የሁለት ሰዎች ስምና ስልክ ጻፍን። ባለሙያዎቹ በመጡ ጊዜ ቁጥሩ እስከ ሜዳው አደረሳቸው፤ ከሜዳው እስከ ውኃው ያደረሷቸው ሰዎች ናቸው። ዛሬ ምንጩ ተጎልብቶ ያገለግላል።

ስለዚህ ከዚህ ስትመለሱ የምናስይዛችሁ አደራ ጥቂት ነው። በየአጥቢያችሁ ስልክ የሚያውቁ ሁለት ወጣቶችንና መሬቱን የሚያውቁ ሁለት ሽማግሌዎችን መርጣችሁ አንድ ላይ አውጧቸው። ሰማይ በሚታይበት ይቁሙ፤ ቁጥሩ ከ10 ሜትር በታች እስኪወርድ ይታገሡ፤ ሦስት ጊዜ ይያዙ፤ አምስት አኃዝ ጽፈው መልሰው ያንብቡ፤ የስህተቱን መጠን አይደብቁ። ያልተረጋገጠውንም «አልተረጋገጠም» ብለው ይጻፉ፤ ይህ ነውር አይደለም፤ ነውሩ የተገመተውን እንደተለካ አድርጎ ማቅረብ ነው።

በቅጹ ላይ የምናሰፍረው ነጥብ ምስክርነት ነው። ከእኛ በኋላ የሚመጣው ሰው፣ ያላየነው ቆፋሪ፣ የማናውቀው መሐንዲስ፣ በእኛ ቃል አምኖ መሬት ይቆፍራል። በዚያ ጉድጓድ ውስጥ ውኃ ይገኝ ወይም አይገኝ የሚወሰነው፣ በአንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሜዳ ላይ ቆመን ግማሽ ሰዓት በመታገሣችን ወይም ባለመታገሣችን ሊሆን ይችላል።

ከሻይ ዕረፍት በኋላ ስልኮቻችሁን ይዛችሁ ወደ ሜዳው እንወጣለን፤ ከዛፎቹ ራቅ ብለን እንቆማለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።